መኪናው ሲያላዝን ማንን እንጠርጥር? ከቺንጋ እስከ ካምቢዮ የንጽጽር መመሪያ

ከኮፈኑ ሥር ቀጭን የማላዘን ድምፅ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጋራዥ ሄዶ ድምፁን በአፉ እያስመሰለ ለመካኒኩ ማስረዳት። ሁለቱም ሩቅ አይወስዱም። አንድ ዓይነት የሚመስል ድምፅ ከመሪ ፓምፕ፣ ከዲናሞ (ባትሪ ከሚሞላው)፣ ከቺንጋ (ሞተሩ ሌሎቹን ከሚያዞርበት ቀበቶ) መወጠሪያ፣ ከቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው) ወይም ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የጎደለ ዘይት በመሙላት ያልቃል። ሌላው ካምቢዮ ያስወርዳል።

ጆሮ ብቻውን ጥሩ ምስክር አይደለም። ብረት ድምፅ ያሻግራል። ከታች በግራ በኩል የሚጮኸው ነገር ከላይ በቀኝ ያለ ይመስላል። ስለዚህ «ድምፁ ምን ይመስላል?» ከማለት «ምንን ይከተላል?» ማለት ይሻላል። ከሞተሩ ዙር ጋር ይወጣል ይወርዳል? ከመኪናው ፍጥነት ጋር? መሪ ሲዞር ነው የሚብሰው? ኤሲ ሲበራ? ከእነዚህ ለአንዱ ቁርጥ ያለ መልስ ካገኛችሁ ግማሹ ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ሞተር ነው ወይስ ጎማ?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙት። የእጅ ፍሬን ያዙና ማርሹን ፎሌ አድርጉ (ምንም ማርሽ አይግባ)፤ አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ይሁን። ነዳጁን ቀስ እያላችሁ እየረገጣችሁ ዙሩን በደቂቃ እስከ 2,500 አድርሱት። ቆማችሁም ከተሰማና ከዙሩ ጋር እየቀጠነ ከሄደ፣ ጥፋተኛው ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። ቆማችሁ ጸጥ፣ ስትነዱ ብቻ ጩኸት ከሆነ ግን ዓይናችሁን ወደ ካምቢዮ፣ ወደ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው) እና ወደ ጎማ ኩሽኔታ (ዘንግ በለስላሳ ወደሚዞርበት የኳስ ቀለበት) መልሱ።

ነገሩ ካልጠራ በማርሽ ፈትኑት። ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ ንዱ። ከዚያ ፍጥነቱን ሳትቀይሩ አራተኛ አስገቡ። የሞተሩ ዙር ወረደ፤ የጎማው ግን ያው ነው። ድምፁ አብሮ ከወረደ ከሞተር ወገን ነው። ንቅንቅ ካላለ ከጎማ ወገን ነው። በጉዞ ላይ ቁልፉን አጥፍቶ የሚያዳምጥ ሰው አለ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን ማገዣው ይጠፋል፣ ቁልፉ ትንሽ ካለፈ ደግሞ መሪው ራሱ ይቆለፋል።

ዙርንም ፍጥነትንም የማይከተል ድምፅም አለ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚለው የነዳጅ ፓምፕ ነው፤ ይህ ጤናማ ነው። እየነዳችሁ ያለማቋረጥ ከጮኸ ግን መጀመሪያ የነዳጅ ቆጣሪውን ተመልከቱ። በብዙ መኪና ላይ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ስለሆነ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው። ሁልጊዜ ቀይ ላይ እየደረሰ የሚሞላ ታንክ ፓምፕ ይገድላል። ታንኩ ሞልቶም ከጮኸ የተደፈነ ፊልትሮ ይጠረጠራል።

ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና ከያዛችሁ ደግሞ በዝግታ ስትሄዱ የሚሰማው ጉም ጉም ብልሽት ላይሆን ይችላል። እግረኛ እንዲሰማ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጎታል። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሆኑ ከጠፋ አትጨነቁ።

ኮፈን ከመክፈት በፊት

እጅጌ ይሰብሰብ፣ ሻርፕና ሐብል ይውለቅ፣ ረጅም ፀጉር ይታሰር። የራዲያተሩ ኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊነሳ እንደሚችል አትርሱ። ከዚያ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ኩላንት። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ እንደጋለ አይከፈትም። ከሦስቱ አንዱ ጎድሎ ከተገኘ ምርመራው እዚያው ሊያልቅ ይችላል። የሞተር ዘይት ከመለኪያው ዝቅተኛ ምልክት በታች ከሆነ ሌላ ሙከራ ሁሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ዘይት።

ቺንጋ ወይስ ኩሽኔታ?

እነዚህ ሁለቱ ዋና መንትዮች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይጮኻሉ፣ ሁለቱም ዙር ይከተላሉ። ልዩነታቸው እንዲህ ነው። ቺንጋ ሲንሸራተት ድምፁ የተቆራረጠ ወይም የሚቧጥጥ ጩኸት ነው። ጠዋት በብርድ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ወይም በድንገት ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተዋል። ኩሽኔታ ግን ወጥ ነው። ሳይቆራረጥ ያላዝናል፤ ዙር ስትጨምሩ ይቀጥናል። ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ ይብስበታል እንጂ አይተውም።

ለመለየት ውሃ ይበቃል። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ቺንጋው መስመር ባለበት ፊት ላይ በመርጫ ጥቂት ውሃ ነፋ ነፋ አድርጉ። ጩኸቱ ወዲያው ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ከተመለሰ ችግሩ ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) መስመር አለመግጠማቸው ነው። ውሃው ሲነካው ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል፤ ወይ መወጠሪያው ደክሟል። ምንም ካልተለወጠ ቺንጋውን ተዉትና ኩሽኔታዎቹን ጠርጥሩ።

ጩኸት ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ የቺንጋ ስፕሬይ አለ። እኔ አልመክረውም። ምልክቱን ይሸፍናል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዚያ ምርመራውን ያበላሽባችኋል። ቺንጋውን በዓይን ስትመለከቱም ስንጥቅ ብቻ አትፈልጉ። የድሮዎቹ ይሰነጠቁ ነበር። የአሁኖቹ ጎማቸው እየተበላ ይሄዳል እንጂ እምብዛም አይሰነጠቁም፤ ምንም ሳይመስሉ መስመራቸው ይጠልቃልና ፑሌጃውን መያዝ ያቅታቸዋል።

እጅ ከፍንጅ የሚይዘው ሙከራ ግን ቺንጋውን ማውጣት ነው። ከማውጣታችሁ በፊት አካሄዱን በስልክ ፎቶ አንሱ። ይህን የዘለለ ሰው ሲመልሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ሞተሩን አስነሱና ከአንድ ደቂቃ በታች አዳምጡ። የባትሪው መብራት ይበራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ በላይ አታቆዩት፤ የውሃ ፓምፑ በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ኩላንቱ ቆሟል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው። ካልጠፋ ግን ወደ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋ ወይም ካቴና (የቫልቮቹን ጊዜ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተካክለው)፣ የዘይት ፓምፕ፣ ካምቢዮ።

ድምፁ ከጠፋ ሞተሩን አጥፉና ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ ለስላሳ ነው፤ ቅባቱ ትንሽ ስለሚይዘው ለቀቅ ሲደረግ ቶሎ ይቆማል። ያለ ምንም ግጭት ረጅም ጊዜ የሚሽከረከር መወጠሪያ ወይም ሥራ ፈት ፑሌጃ ደስ አያሰኛችሁ፤ ቅባቱ ደርቋል። ጣታችሁ ላይ ሻካራ ሆኖ የሚሰማው ደግሞ ኳሶቹ ተበልተዋል። ፑሌጃውን ይዛችሁ ወደ ጎን አወዛውዙት። የውሃ ፓምፕ ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ የደረቀ የኩላንት ነጠብጣብ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

መሪ ፓምፕ ወይስ ዲናሞ?

ማላዘን ሲባል በብዛት የሚከሰሱት ሁለቱ ናቸው። ደግነቱ ለመለየት ቀላል ናቸው፤ እያንዳንዱን በራሱ ሥራ ማጨናነቅ ብቻ ነው።

መሪ ፓምፕ የሚጨናነቀው መሪ ሲዞር ነው። መኪናውን አቁማችሁ በሚኒሞ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። ዙሩ ሳይለወጥ ድምፁ መሪውን ተከትሎ ከጮኸ ነገሩ አለቀ። ጥግ ላይ ሲደርስ ግን መጠነኛ ማቃሰት በጤነኛውም ላይ አለ። ግፊቱ የሚተነፍስበት ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣ ድምፅ ነው። ጥግ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ ዘይቱ ይግላል፣ ፓምፑ ይጎዳል።

ፓምፑ አጠፋ ማለት ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው አየር ነው። ዘይት ጎድሎ ፓምፑ አየር ይስባል። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ዘይቱ አረፋ ከሠራ ወይም ከነጣ አየር ገብቷል። የሚያንጠባጥበውን ፈልጉ፣ ለመኪናው የተባለውን ዘይት ሙሉ። መሪ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈውን ተከተሉ። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና በማቆሚያ ደግፉ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ደጋግማችሁ አዙሩ። አረፋው እየወጣ ዘይቱ ይወርዳል፤ እየሞላችሁ ቀጥሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተወው ያኔ ስለ አዲስ ፓምፕ እንነጋገር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የዘይት ማጠራቀሚያ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ደግሞ መሪው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፓምፑ ከዝርዝሩ ወጣ።

ዲናሞ የሚጨናነቀው ኤሌክትሪክ ሲጠየቅ ነው። በሚኒሞ ላይ የፊት መብራቱን፣ ማሞቂያውን፣ የኋላ መስታወት ማድረቂያውን አንድ ላይ አብሩ። ድምፁ ወዲያው ከጨመረ፣ ስታጠፉት ከቀነሰ ዲናሞው ላይ ጣት ይቀሰራል። ሬዲዮኑ ውስጥ ራሱ ከዙር ጋር የሚቀጥን ማላዘን ከተሰማም የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሊሆን ይችላል።

መልቲሜትር ካላችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ነው። ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ይሆናል። አዳዲስ መኪኖች እንደ ሁኔታው ስለሚቀያይሩት ለአፍታ ዝቅ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ። ቀጥሎ መለኪያውን ወደ ኤሲ ቮልት (ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እንጂ ወደ ማቀዝቀዣው ኤሲ አይደለም) ቀይሩት። ከ0.5 በላይ ካሳየ ዳዮዱ ይጠረጠራል። ቮልቱ ደህና ሆኖ ድምፁ ብቻ ካለ ኩሽኔታው ነው። ዲናሞው ከሞተሩ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ሞተሩ 2,000 ላይ ሲሆን እሱ 5,000 ግድም ይዞራል። ኩሽኔታው ከሌሎቹ ቀድሞ ቢጮህ አይገርምም።

የኤሲ ኮምፕሬሰር ቀላል ነው። ኤሲውን አብሩ፣ አጥፉ። ድምፁ አብሮ ከመጣና ከሄደ እሱ ነው።

ያፏጫል ወይስ ያላዝናል?

ኩሽኔታ ያላዝናል፤ አየር ያፏጫል። ማፏጨት ከሆነ ጥያቄው አየሩ ወዴት ነው የሚሄደው የሚል ነው።

በሚኒሞ ላይ ያፏጫል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል? ወደ ውስጥ የሚስብ ክፍተት አለ። የቤንዚን ሞተር በጣም የሚስበው በሚኒሞ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ሚኒሞው አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርጉ። ፉጨቱ በዚያው ቅጽበት ከቆመና ክዳኑ በኃይል የተሳበ ከሆነ የሞተሩ ውስጥ አየር መተንፈሻ ቫልቭ ተቀዷል። ለዚህ ስህተት ሙሉ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የተከፈተባቸው መኪኖች አሉ፤ ስለዚህ ክዳኑን ሳትሞክሩ ምንም አታስፈቱ። ቱቦዎቹ ላይ የሚቀጣጠል ስፕሬይ እየረጩ ክፍተት መፈለግ የተለመደ ነው። በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያስነሳ ጋራዥ ገብቶ በጭስ ማስፈተሹ ይሻላል።

ድምፁ የሚመጣው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲኖር፣ ነዳጅ ሲረገጥ ከሆነ ግን ቱርቦ ወይም የቱርቦ ቱቦ ነው። ስስ ፉጨት የቱርቦ ተፈጥሮ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሁለቱን የሚለያቸው ጭሱ ነው። ቱቦ ከተቀደደ ድምፁ «ሽሽሽ» ይበዛበታል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ርካሽ ብልሽት ነው። የቱርቦው ኩሽኔታ ከሆነ ድምፁ እንደ አምቡላንስ ሳይረን እየወጣ ይሄዳል፣ ዘይት ይጠፋል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ያኔ ጉዞው እዚያ ይቁም። የተሰበረ ቢላው ሞተሩ ውስጥ ከገባ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ካምቢዮው ቢሆንስ?

በማኑዋል መኪና ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል ጥሩ መመርመሪያ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ፎሌ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሱ። ድምፁ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ሳይረገጥ ጸጥ ብሎ ሲረገጥ ብቻ ከጮኸ የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ለሁለቱም ካምቢዮ መውረዱ ስለማይቀር፣ ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮን ሸራውንም አብሮ ማየት ነው። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ያ ማርሽ ራሱ ተበልቷል። የኋላ ማርሽን ግን አትክሰሱ። በብዙ መኪና ላይ ጥርሱ ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ስለሆነ መጮህ ልማዱ ነው።

አውቶማቲክ ላይ መጀመሪያ ዘይቱ ይታይ። የጎደለ ዘይት ወይም የተደፈነ ፊልትሮ የካምቢዮውን ፓምፕ በሁሉም ማርሽ፣ ቆሞም ጭምር ያስጮኸዋል። ሲቪቲ የሚባሉት (ደረጃ በደረጃ ማርሽ የሌላቸው አውቶማቲኮች) ደግሞ ከተፈጥሯቸው ትንሽ ያላዝናሉ፤ የሚያሳስበው ለውጡ ነው።

ጎማ ወገን ላይ ነገሩ አጭር ነው። ጉዞ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ስታዘነብሉ ከባሰ የቀኙ ኩሽኔታ፣ ወደ ቀኝ ከባሰ የግራው። አስፋልቱ ሲለወጥ ድምፁ ከተለወጠ ጎማው ራሱ ነው። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ከተቀያየረ ዲፈረንሻል።

በምን ይደመጥ?

የመካኒክ ስቴቶስኮፕ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ብረቱን የማይዞር አካል ላይ፣ ለምሳሌ የዲናሞው ቤት ላይ፣ ከዚያ የፓምፑ ቤት ላይ ታሳርፉታላችሁ። ጥፋተኛው ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ጆሮ ላይ ይጮኻል። ረጅም ካቻቢቴ እጀታውን ጆሮ ሥር አስጠግቶ ያንኑ ይሠራል፤ ግን ቺንጋው አጠገብ ከተንሸራተተ ፊት ያበላሻል። ለአየር ክፍተት ሁለቱም አይሆኑም፤ ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በቱቦዎቹ ዙሪያ ማዞር ይበልጣቸዋል። የስልክ ቅጂ ለምርመራ ደካማ ነው። ግን ጋራዥ ሲደርስ የሚጠፋ ድምፅ ካላችሁ ያድናችኋል። ስትቀዱ ዙር ቆጣሪውም ይታይ።

ምኑን እንቀይር?

ዲናሞው ቮልቱ ደህና ሆኖ ኩሽኔታው ብቻ ከጮኸ ኩሽኔታ ማስቀየር ይበቃል። ዳዮዱም ከተበላሸ፣ ዕድሜውም ከገፋ ሙሉውን መቀየር በኋላ ከድጋሚ የጉልበት ክፍያ ያድናል። ቺንጋ ስትቀይሩ መወጠሪያውን ሳታስፈትሹ አትዝጉ። የውሃ ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሁለቱ አብረው ይቀየሩ፤ የሚፈታው ያው ነው። የታይሚንግ ቺንጋ ዙሪያ ኩሽኔታ ከጮኸ ደግሞ ቀጠሮ አታራዝሙ። ከተበጠሰ በብዙ ሞተር ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ነድታችሁ ጋራዥ መድረስ የምትችሉት መቼ ነው? መሪ ፓምፕ፣ መወጠሪያ፣ የዲናሞ ኩሽኔታ ቀስ ብሎ ያስኬዳል። የዘይት መብራት ከበራ፣ ሙቀቱ ከወጣ፣ ወይም የባትሪ መብራት በርቶ መሪው በድንገት ከከበደ ግን ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ። የመጨረሻው ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው፤ የውሃ ፓምፑም አብሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

መኪናው ከጋራዥ ሲወጣም ጆሯችሁ አይተኛ። ድሮ ያልነበረ ወጥ ማላዘን አዲስ ቺንጋ በታሰረ ማግስት ከጀመረ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሯል። «ሲለምድ ይተዋል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። እንዲህ የተወጠረ ቺንጋ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ስለሚበላ በዚያው ቀን ተመለሱና እንዲያላሉት አድርጉ።